የቂም ጥብስ

አክስቴ አሜሪካ በኖሩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ከራሳቸው እጅ በቀር የማንንም ዶሮ አምነው በልተው አያውቁም። ጉዳዩ የሃይማኖት አይደለም፤ የሎሚ ነው። «ማን አጠበው? በምን አጠበው? ስንት ውሃ ቀየረ?» ይላሉ። ለሦስቱም ጥያቄ ምስክር ያልቀረበለት ዶሮ አፋቸው አይገባም። ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ እንኳ ወጡን የሠራችውን ሴት ከጓዳ ያስጠሩና፣ ለምስጋና አስመስለው፣ ቃሏን ይቀበላሉ።

እኚህን ሴት ነው እንግዲህ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ቴነሲ ናሽቪል ውስጥ፣ የተጠበሰ ዶሮ ልናበላቸው ይዘናቸው የወጣነው።

ሐሳቡ የልጃቸው ነው። የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከአላስካና ከሐዋይ በቀር የአሜሪካን ስቴቶች በሙሉ በጎማ ለክቷቸዋል። ሌላው ሰው አንድን ከተማ በሐውልቱ ወይም በወንዙ ሲያስታውስ እሱ የሚያስታውሰው በምግቡና በመኪና ማቆሚያው ነው። እኔ ደግሞ ለሥራ ዋሽንግተን መጥቼ፣ አክስቴን ሳልስም ብመለስ እናቴ በር እንደማትከፍትልኝ ስለማውቅ፣ ናሽቪል ጎራ ብያለሁ። ጎራ አልኩ እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም፤ ከቁርስ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ እራት እየተላለፍኩ ነበር የከረምኩት። በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ አዘነልኝ።

«ናሽቪል ድረስ መጥተህ ሆት ችክን ሳትቀምስ ብትመለስ፣ ጎንደር ሄዶ ግንቡን ሳያይ የተመለሰ ሰው ማለት ነህ» አለኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የተጠበሰ ዶሮ ነው፤ በርበሬ አለበት። ግን የኛ ዓይነት አይደለም፤ ተጠንቅቀህ ነው የምትበላው።»

ተጠንቅቀህ! ነገር የተበላሸው እዚህች ቃል ላይ ነው።

መቼም ሐበሻ ባሕር ማዶ ሲወጣ ከሻንጣው ጋር አንድ ኩራት ሸክፎ ነው። አንዱ ማራቶንን፣ አንዱ ዐድዋን፣ አንዱ ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር። እኔ ማራቶን አልሮጥኩም፤ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል እንኳ ከሃምሳ ሜትር በላይ አልሮጥም። ዐድዋ ላይ አልነበርኩም። ጳጉሜን ደመወዝ ይዛ ስለማትመጣ አልኮራባትም። በርበሬ ግን በገዛ አፌ ያገኘሁት ማዕረግ ነው። ስንግ ቃሪያን ያለ ምንም ማባያ የምበላ፣ ክትፎ ሲቀርብ «ሚጥሚጣ ጨምሩልኝ» የምል፣ የማረቆን በርበሬ ገና ከጆንያው ሳይወጣ በማሽተት ብቻ የምለይ ሰው ነኝ። ውጭ አገር ምግብ ቤት ገብቼ የምግብ ዝርዝሩ ላይ ለማስጠንቀቂያ የተሣለች ትንሽ ቀይ ቃሪያ ሳይ ሳቄ ይመጣል። አስተናጋጁ «ይህኛው ያቃጥላል፣ ጌታዬ» ሲለኝ፣ ሕፃን ልጅ «ጨለማ አለ፣ እንዳትሄድ» ሲለኝ እንደማደርገው ራሱን ዳበስ ባደርገው ደስ ይለኛል።

«እኔን ነው ተጠንቀቅ የምትለኝ?» አልኩት።

አክስቴ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሯል። «ማን አጠበው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ አንቺም ነይና ራስሽ ጠይቂያቸው» አላቸው ልጃቸው። ይህ ልጅ ሹፌር መሆን አልነበረበትም፤ ዲፕሎማት ነበር የሚወጣው። ብሉልን ቢባሉ እምቢ የሚሉት አክስቴ፣ መርምሩልን ሲባሉ ተነሡ። «ነገ ዓርብ ነው፤ የምትበሉ ከሆነ ዛሬ ብሉ» ብለው፣ ጥለት ያለውን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከፊት መኪና ገቡ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ሎሚ እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ናሽቪል ዓለም የሚያውቃት በካንትሪ ሙዚቃዋ ነው። እኛ የሄድንበት ኖለንስቪል ፓይክ የሚባለው ረጅም መንገድ ግን ጊታሩን መሀል ከተማ ትቶት የመጣ ነው፤ የሱቁ ማስታወቂያ አንዱ በስፓኒሽ፣ አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ በኩርድኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የኩርዶች ማኅበረሰብ ያለው በዚህች ከተማ ነው። መንገዱን ሳየው መርካቶ መኪና ገዝቶ፣ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተቀመጠ መሰለኝ።

«የቤቱ ስም ማን ነው?» አሉ አክስቴ።

«ፕሪንስ።»

«ልዑል ማለት አይደል? የማን ልጅ ነው?»

«የቤተሰቡ ስም ነው፣ እማዬ።»

አክስቴ ግን ነጠላቸውን እንደገና አስተካከሉ። ልዑል ቤት እንደሚገባ ሰው ተዘጋጅተው ስለነበር፣ ተራ የሱቅ መደዳ ፊት ስንቆም ትንሽ ቅር አላቸው። ውስጥ ስንገባ ግን ሽታው ተቀበለን፤ አክስቴም ቆም አሉ። የሞቀ ዘይትና የበርበሬ ሽታ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ቁሌት ሲቁላላ ከደጅ የሚያልፍ ሰው የሚያስነጥሰው ዓይነት ሽታ። አክስቴ ሦስት ጊዜ አነጠሱ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ፈታ አለ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት ናት። «ምን ላምጣልሽ፣ ሃኒ?» አለቻቸው።

«ምን አለችኝ?»

«የኔ ማር አለችሽ» ብሎ ልጃቸው ተረጎመ። የአሜሪካ ደቡብ ሰው እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን ሰው ማር፣ ፍቅር፣ ሕፃኔ ይለዋል። አክስቴ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከልጃቸው ሌላ ማር ያላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሎሚው የዚያን ጊዜ ነው ከቦርሳው ሳይወጣ የቀረው።

ዝርዝሩ አጭር ነው። የሚመረጠው የዶሮው ክፍልና የበርበሬው መጠን ነው። መጠኑን ለአክስቴ እኔ ተረጎምኩላቸው። ፕሌይን ማለት አልጫ ነው። ማይልድ ለልጆች። ሚዲየም ለእንግዳ። ሆት ለጎረምሳ። ከዚያ በላይ ያለው ስም የለውም፤ ኤክስ እየተደረደረ ነው የሚሄደው። አንድ ኤክስ፣ ሁለት ኤክስ፣ ሦስት ኤክስ። በሕይወቴ ሦስት ኤክስ በተከታታይ ያገኘሁት አራተኛ ክፍል በሒሳብ ፈተና ነው፤ ያን ጊዜም አልሞትኩም።

«ከዚህ በፊት በልተህ ታውቃለህ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ» አልኳት። ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን መልስ መስሎኝ ነበር።

በትዕግሥት ፈገግ አለች። ይህችን ፈገግታ የት እንደማውቃት ለጊዜው አልመጣልኝም። «ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሚዲየም ይበቃሃል፣ ቤቢ» አለችኝ።

«ሁለት ኤክስ» አልኳት። ሦስቱን ያላዘዝኩት ትሕትና ላሳይ ብዬ ነው።

አክስቴ ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው፣ «እስቲ ጠይቅልኝ፤ እሷ ራሷ የምትበላው የትኛውን ነው?» አሉ።

ተጠየቀች። ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤቱ ዘወር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማይልድ» አለች።

«እኔም እሱን» አሉ አክስቴ።

ዶሮው የሚጠበሰው ከታዘዘ በኋላ ስለሆነ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። አክስቴ ይህን ወደዱት። አሜሪካ ውስጥ ምግብ ሲፈጥን ከትናንት የተረፈ ይመስላቸዋል። የአክስቴ ልጅም ጊዜውን ተጠቅሞ የቤቱን ታሪክ ጀመረ፤ ሹፌር ሬዲዮ ሲሰማ ውሎ ሲያድር የማይሰማው ነገር የለም።

«በ1930ዎቹ ነው ይባላል፤ በፈረንጆቹ። ቶርንተን ፕሪንስ የሚባል ሰው ነበር። ቁመና ያለው፣ ሴት የሚወደው፣ እሱም ሴት የሚወድ። አንድ ቅዳሜ ሌላ ቦታ አምሽቶ ሲነጋ ገባ። አብራው የምትኖረው ሴት አንዲት ቃል አልተናገረችም። ተነሥታ ለቁርሱ ዶሮ ጠበሰችለት...»

«እሑድ ጠዋት?» አሉ አክስቴ።

«እሑድ ጠዋት። ታዲያ ቤት ያለውን በርበሬ ሁሉ ገለበጠችበት። አንጀቷን ባሳረረችው መጠን አፉን ላሳርረው ብላ ነው። ሰውየው ጎረሰ። ወደደው! ድገሚኝ አለ። ለወንድሞቹ አስቀመሳቸው፤ እነሱም ወደዱት። ከዚያ ምግብ ቤት ከፈቱ።»

አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በሰፈራቸው ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሴት ናቸው፤ ነገር ሲቀርብላቸው ዝም ብለው አይፈርዱም።

«መጀመሪያ ነገር፣ መጥበሷ ነው የገረመኝ» አሉ በመጨረሻ። «አምሽቶ ለገባ ወንድ እኔ እንቁላልም አልጠብስ። ዶሮ ማለት ስንት ሥራ ነው! ሁለተኛ ነገር፣ በርበሬውን ስታበዛበት ዶሮው አልተበላሸም፤ ይህ ማለት እጇ ያውቃል። የተናደደች ሴት ጨው እንኳ አትለካም፤ እሷ ግን ተናዳም ጣፍጦላታል። ባለሙያ ናት።» ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ማን ነው ስሟ?»

«አይታወቅም፣ እማዬ።»

«እንዴት አይታወቅም? የሱን ስም ታውቀው የለም?»

«የሱ ይታወቃል። የሷን የመዘገበ የለም።»

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

የአክስቴ ልጅ በግድግዳው ላይ ያለውን የቤቱን ስም በአገጩ አሳያቸው።

«ጉድ!» አሉ አክስቴ። «ቅመሙን የለካችው እሷ። የተናደደችው እሷ። ያመሸው እሱ። ስሙ የተሰቀለው የሱ!»

እኔ ነገሩን ላለሳልስ ብዬ፣ ኋላ ኋላ ቤቱን በደንብ ያቆመችው ሴት መሆኗን ነገርኳቸው፤ ይህንን እኔም አንብቤ ነበር። የቤተሰቡ ልጅ አንድሬ ፕሪንስ ጄፍሪስ በ1980 ተረክባ፣ ቀድሞ የባርቤኪው ስም የነበረውን ቤት በቤተሰቡ ስም «ፕሪንስ ሆት ችክን ሻክ» አለችው። የምግብ ሰዎች እንደ ታቦት የሚያዩት የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽንም በ2013 «የአሜሪካ ነባር ቤቶች» በሚለው ሽልማቱ አከበረው። አክስቴ ሰሙኝ፤ ግን ክሱን አላነሡም። «እሷም ብትሆን ከወንድየው ወገን ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ፊታቸው የተለወጠው ልጃቸው ሌላ ነገር ሲያወራቸው ነው። ወንድማማቾቹ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ስለነበራቸው ዶሮ ቤታቸው የሚከፈተው ሲመሽ ነበር፤ ሌሊት የሚበላ ነገር ፈላጊ ደግሞ ናሽቪል ውስጥ ሞልቷል፤ ዘፋኝ ነዋ ከተማው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው የሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት ከ1943 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከራይማን አዳራሽ ሲተላለፍ፣ ነጮቹ ዘፋኞች ሥራቸውን ጨርሰው ወደዚህ ቤት ይመጡ ነበር። ዘመኑ የመለያየት ሕግ ዘመን ነው፤ በከተማው ሁሉ ጥቁር ሰው በኋላ በር ይግባ የሚባልበት። እዚህ ቤት ግን ከፊት ተቀምጠው የሚበሉት ጥቁሮቹ ነበሩ። ነጮቹ በወጥ ቤቱ አልፈው የኋላ ክፍል ውስጥ ነበር የሚቀመጡት።

«በጓዳ?» አሉ አክስቴ።

«በጓዳ።»

አክስቴ አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ የሚሠሩት ሆቴል ነው። አንድም ቀን በፊት ለፊቱ በር ገብተው አያውቁም፤ የሠራተኛ በር በጓዳ በኩል ነው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «እሰይ» አሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ላይ ክፉ አልተናገሩም።

ቁጥራችን ተጠራ።

ዶሮው ሲመጣ ወደ ውስጤ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ለሰው ግን አላሳየሁም። ቀይ ነው ሲባል እኔ የጠበቅኩት ቀይ ወጥ የሚመስል ቀይ ነበር። ይህ ከዚያ አልፎ ሄዷል፤ ረጅም ሰዓት የተቁላላ ቁሌት ይመስል ጠቁሯል፤ ላዩ በዘይት ያብለጨልጫል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዶሮው ዱቄት ለብሶ ይጠበሳል፤ በርበሬ በትኩስ ዘይት ይለወስና እንደ አዋዜ ይሆናል፤ ያ ልውስ ነው ከመጥበሻው በወጣው ዶሮ ላይ የሚቀባው። ከሥሩ ነጭ የፉርኖ ዳቦ ተነጥፏል። ከላይ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የኩከምበር ቁራጭ ተጥዷል። ዳቦው ከዶሮው የሚወርደውን ዘይት ሁሉ ጠጥቶ ቀልቷል።

አክስቴ ዶሮውን ትተው መጀመሪያ ያዩት ዳቦውን ነው። «እንጀራቸው ነው» አሉ።

ቀጥለው ዶሮውን ገልበጥ አድርገው አሸተቱት። የአክስቴ ልጅና እኔ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ አፍ አፋቸውን አየን። «ታጥቧል» አሉ። ሌላ ቅሬታ ግን አላቸው። እኛ ቤት አንዲት ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ናት፤ እያንዳንዱ ብልት ስም አለው፣ የሚገባውም ሰው አለው። እዚህ አራት ቦታ ነው የተከፈለችው። «ፈረሰኛው የማን ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። ማንም መልስ አልነበረውም። «እንቁላሉስ?» ማንም መልስ አልነበረውም። በዚህ መሀል መብላት ጀመሩ፤ ማይልዳቸውን በሁለት ጣታቸው ገንጠል እያደረጉ፣ ከዳቦው ጋር እየጠቀለሉ፣ ቀስ ብለው። «ጥሩ ነው። ቅቤ ቢኖረው...» አሉ።

እኔም ሁለት ኤክሴን አነሣሁ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ሲገባ የተሰማኝ ቁጭት ነው። ላዩ ኩርሽም አለ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ጨው ልኩ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ይኸው ነው? ለዚህ ነው ተጠንቀቅ የተባልኩት? ሁለተኛ ጎረስኩ። የአክስቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ሚዲየም ይበላል፤ ቀና ብሎ አያየኝም። ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ነው፤ ተጎጂውን አያይም። ሦስተኛ ጎረስኩ።

የናሽቪል በርበሬ እንደ ሽማግሌ ነው። ሰተት ብሎ አይገባም። በሩን አንኳኳ፣ ቀስ ብሎ ገባ፣ የቤቱን ጤንነት ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ አነሣ፣ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ከዚያ ነው የመጣበትን ጉዳይ የተናገረው። ጉዳዩ ደግሞ ልጅቷን ስጡን አልነበረም፤ ቤቱን ልናቃጥለው መጥተናል ነው።

መጀመሪያ የከንፈሬ ዳርና ዳር ጠፋ። ከዚያ ምላሴ። ከዚያ ጆሮዬ ከውስጥ መንደድ ጀመረ፤ ጆሮ ከዶሮ ጋር ምን አገናኘው? ላቡ ከመሀል አናቴ ጀምሮ ወረደ፤ ራሰ በራ መሆኔ የውሃውን መንገድ አቀለለት። ዓይኔ በርበሬ መሰለ፤ ይህ አነጋገር ከየት እንደመጣ በሃምሳ ዓመቴ ገባኝ። ትን አለኝ።

«ሰው አነሣህ» አሉ አክስቴ በእርጋታ።

ሊነሣኝ የሚችለው ሰው እዚያው ነበር፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ከባንኮኒው ሆና በዚያችው በትዕግሥቷ ፈገግታ ታየኛለች። አሁን አስታወስኳት፤ የኔው ፈገግታ ናት፤ ለቃሪያዋ ሥዕል የምሰጣት።

«ምን ሆንክ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ እንደማያውቅ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ከሰባቱ የፊደል ድምፅ የቀረኝ ራብዑ ብቻ ነበር። «ሃ... ሃ... ሃ...»

ውሃውን ሳነሣ አክስቴ እጄን ያዙኝ። «ውሃ አትጠጣ! ዐይብ የላቸውም?» አልሰማሁም፤ ጠጣሁ። ያልደረሰበት የጉሮሮዬ ክፍል ቀርቶ ነበር፤ ውሃው ተሸክሞ አደረሰለት።

ያን ማታ እንቅልፍ ስላልነበረኝ ነገሩን ሳጠና አደርኩ። አክስቴ ያሉት ሳይንስ ነው። በርበሬ ውስጥ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ነው የሚሟሟው፤ የወተት ፕሮቲን ደግሞ ይዞ ያነሣዋል። ክትፎና ሚጥሚጣ ባለበት ገበታ ዐይብ የሚቀመጠው ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው። ቃጠሎውም ውሸት ነው። ነርቫችን ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካው «እሳት!» ብሎ የሚጮኽ ዘበኛ አለ፤ ካፕሳይሲን ያንን ዘበኛ ይነካካዋል፤ እሱም እሳት ሳይኖር ይጮኻል። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ዘበኛ ከነባልደረቦቻቸው በ1997 አግኝተውት በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተውበታል። እኔም በግሌ አግኝቼዋለሁ፤ ማንም አልሸለመኝም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የዶሮዋ ነገር ነው። ወፎች በርበሬ አያቃጥላቸውም። የነሱ ዘበኛ ካፕሳይሲንን አይሰማም፤ ለዚህም ነው ወፍ በርበሬ በልታ ፍሬውን እየዞረች የምትዘራው። ይህን ሳነብ ልጅነቴ መጣብኝ። እናቴ በርበሬ ግቢ ውስጥ ስታሰጣ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ዱላ ይዤ ስጡ አጠገብ ተቀምጬ፣ ዶሮዎቹ በመጡ ቁጥር «እሽ! እሽ!» ስል እውላለሁ። ዛላውን በምንቃራቸው ፈልፍለው ፍሬውን ሲለቅሙ አንድም ቀን ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። እኔ ግን በርበሬ በነካው እጄ ዓይኔን አሽቼ አለቅስ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከአሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ያባረርኳት ዶሮ በርበሬዋን ለብሳ አገኘችኝ። ቂም የያዘችው የቶርንተን ሴት ብቻ አልነበረችም።

በርበሬው ራሱስ ቢሆን የማን ነው? ትውልዱ አሜሪካ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ወደኛ የመጣው ከ1492 በኋላ ነው። ይዤው የሄድኩት ኩራት ለካ ከነሱ የተበደርኩት ኖሯል። እነሱም ናሽቪል ላይ ጠብቀው ከነወለዱ ተቀበሉኝ።

ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ከሦስት ጉርሻ በላይ አልቻልኩም። ቀሪውን ዶሮ የአክስቴ ልጅ ወሰደልኝ፤ አክስቴ ደግሞ የተረፉትን፣ በዘይትና በበርበሬ የራሱትን የዳቦ ቁራጮች ከሦስታችንም ሳህን ሰብስበው በፎይል ጠቀለሉና ቦርሳቸው ውስጥ ከሎሚዎቹ ጎን አስቀመጧቸው። ስንወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ «ደግመሽ ነይ፣ ሃኒ» አለቻቸው። እኔን ምንም አላለችኝም፤ ሶፍት ብቻ ሰጠችኝ።

በመንገዳችን ላይ አንድ የኩርዶች ሸቀጥ ቤት ፊት መኪናው ቆመ። ገብቼ በራብዕ ድምፅ እርጎ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ፊቴን አንድ ጊዜ አየው። «ፕሪንስ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ትልቁን የእርጎ ባልዲ አውጥቶ ማንኪያ ሰካበትና፣ ሒሳብ ሳይቀበለኝ በፊት በእጁ ብላ ብላ አለኝ። ሰውየው ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው እንዳልነበር ያስታውቃል። ከተማው ሁሉ ነገሩን ለምዶታል፤ ከ2007 ጀምሮ በነፃነታቸው ቀን፣ ጁላይ 4፣ ለዚህ ዶሮ ፌስቲቫል ይደረግለታል፤ ያስጀመሩትም የከተማው ከንቲባ የነበሩት ቢል ፐርሰል ናቸው። በ2016 ደግሞ ኬኤፍሲ ሳይቀር የናሽቪል ሆት ብሎ በአገሩ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። የቤተሰቡ ነባር ቤት ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ የነበረበት ኢዊንግ ድራይቭ የሚባለው ቦታ ግን የለም፤ በ2018 መጨረሻ አንድ መኪና የሱቆቹን መደዳ ጥሶ ገብቶ እሳት አስነሣና ተዘጋ። እንግዲህ እዚያ ቤት እውነተኛ እሳት ያን ጊዜ ብቻ ነው የገባው፤ ሌላው ጊዜ ሁሉ ዘበኛው ነው የጮኸው።

ዓርብ ተጾመ። ሽሮ በላን። ማቀዝቀዣውን በከፈትኩ ቁጥር ፎይሉ አለ። አንድ ሦስት ጊዜ ከፈትኩ፤ ምንም ሳልፈልግ።

ቅዳሜ ጠዋት በሽንኩርት ሽታ ነቃሁ። አክስቴ ሽንኩርት አቁላልተው፣ ንጥር ቅቤ ጠብ አድርገው፣ ያንን ቀይ ዳቦ በጃቸው እየቆራረሱ ፍርፍር እየሠሩ ነው። የሳህኖቹ ዳቦ ተደባልቋል፤ የትኛው ቁራሽ የማይልዱ፣ የትኛው የሁለት ኤክሱ እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። ቡና ተፈልቶ፣ አብረዋቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አንዲት ጎረቤታቸው መጡ። ገና አንድ ጉርሻ እንደዋጡ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ግን እጃቸው ወደ ሳህኑ ተመልሶ ሄደ።

«ውይ! ውይ! ምን ዓይነት ድልህ ነው እቴ? ያንቺ እጅ አይደለም ይሄ፤ ማን ናት የሠራችው?»

«አንዲት ሴት ናት» አሉ አክስቴ ሲኒ እየቀዱ። «ባሏ አምሽቶ ገብቶባት።»

«አይ ወንድ! ከኛ ሰው ናት?»

«አይደለችም። እዚሁ ናሽቪል ናት።»

«እጇ ይባረክ። ማን ትባላለች?»

አክስቴ ጀበናውን አስቀመጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጃቸውን ተራ በተራ አዩን፤ ሁለታችንም ወደ ፍርፍሩ አቀረቀርን።

«እሱን ነው እኮ እኔም የጠየቅኳቸው» አሉ።